የግልበጣ ትምህርት

በዕድሜዬ ፊደል ካስቆጠርኳቸው ሰዎች ሁሉ ፈጥነው ማንበብ የጀመሩት አያ አለባቸው ናቸው። ሁለት ወር እንኳ አልፈጀባቸውም። እንዲህ ያለ ተማሪ ለመምህሩ ኩራት ነው። ይሁንና አያ አለባቸው ያለ ማንም እርዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብበው የተረዷት ጽሑፍ እኔን አፈር ልታለብሰኝ ነበር። ጽሑፏ ደግሞ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነበረች።

ከመነሻው ልጀምር። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጎንደር አራዳ ተወልጄ ያደግሁ፣ አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር የሆኑ፣ ቀጭንና ረጅም የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደግሞም ፈሪ። ፈሪ ስል ለትሕትና ብዬ አይደለም። የወታደር ማኪና ከኋላዬ ሲመጣ ከማላውቀው ሰው ግቢ ዘልዬ እገባ ነበር። በእርግጥ በዚያ ጊዜ የማይፈራ ሰው አላውቅም፤ የእኔ ግን ለዘመኑም ቢሆን ይበዛ ነበር። አባቴ ይህን አይተው ነው እጄን ይዘው ሃምሳ አለቃ ብርሃኔ ዘንድ የወሰዱኝ።

ሃምሳ አለቃ ብርሃኔ በንጉሡ ጊዜ ፖሊስ ነበሩ። ጁዶ የሚባለውን የጃፓኖች ትግል ከአንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ተምረዋል። በኋላ ማኪና ተገልብጦባቸው ቀኝ እግራቸው አልታጠፍ አለና ጡረታ ወጡ። እኔ የደረስኩባቸው በቀበሌያችን አዳራሽ ለወጣቶች “ስፖርት” ሲያሠሩ ነው። ወለሉ ላይ ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ እናነጥፍና እየተላተምን እንውላለን።

ሃምሳ አለቃ ቆመው መታገል አይችሉም። ስለዚህ ገና ሲጀመር በጀርባቸው ይተኙና “በል ና!” ይላሉ። ስትመጣ እግራቸውን እንደ አጥር ያቆሙብሃል። እግራቸውን አልፌ በጎን ልያዛቸው ስትል ነው ጉዱ። በትከሻቸው ላይ ይሽከረከሩና ጭንቅላታቸው ወደ ታች፣ መቀመጫቸው ወደ ጣሪያ ይሆናል፤ በሁለት ጉልበታቸው መሃል አሾልቀው ያዩሃል። የቱን ልያዝ እያልክ ስታመነታ እግሮቻቸው አንገትህንና አንድ ክንድህን አንድ ላይ ቆልፈው አግኝተውሃል። ከዚያ ወዲያ ያለህ አማራጭ እጅ መስጠትህን ለማሳየት እግራቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ወዲያው ይለቁሃል። ይህን ዘዴያቸውን “ግልበጣ” ይሉታል። ስሙ ሌላ ትርጉም እንዳለው ከመካከላችን ትዝ ያለው አልነበረም።

ሌሎቹ ጓደኞቼ ሰው አንስቶ መጣል ነበር የሚወዱት። እኔ ግልበጣን ወደድኩ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ፈሪ ሰው ከሁሉ በላይ መውደቅን ነው የሚፈራው። እዚህ ግን ከመጀመሪያውም ወድቀህ ነው የምትጀምረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሳላስብ ይህንኑ ተማርኩ።

ክረምት ሲገባ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ወገራ ተላክሁ። ከዳባት በእግር ግማሽ ቀን የምታስኬድ፣ ጉም የማይለያት የገብስ አገር ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሰዎቹ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ። በቦርሳዬ ከያዝኩት ሁሉ የምወደው አንድ ደብተር ነበር። ዘዴው እንዳይጠፋኝ ብዬ ሃምሳ አለቃ ያስተማሩኝን በተራ ጽፌበታለሁ፤ ከየጽሑፉ ጎን ሥዕል አለ። ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሰዎቼ አንድ ክብ ራስና አራት ጭረት ናቸው። ቀስትና ቁጥርም አድርጌባቸዋለሁ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በትልልቁ “የግልበጣ ትምህርት፣ ክፍል አንድ” ብዬ ጽፌ፣ አነሰ ይመስል በቀይ እስክርቢቶ አስምሬበታለሁ።

አንባቢዬ፣ ያንን ጊዜ የምታውቅ ከሆነ እስካሁን ደንግጠሃል። ለማታውቀው ልንገርህ፤ ያኔ ግልበጣ ሲባል ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው የመንግሥት ግልበጣ ብቻ ነበር። ራዲዮኑም፣ ስብሰባውም የሚያወራው ስለዚያው ነው። በዚህ ቃል ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ሄዶ “ከእንግዲህ አታምጡ” ተብሎ ይመለስ ነበር።

ያረፍኩት በአያ አለባቸው ቤት ነው። አያ አለባቸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ሲያስቡ ጢማቸውን የሚነጩ፣ ቁም ነገረኛ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ በትከሻዬ ተተክዬ እግሬን ሰቅዬ ስለማመድ አዩኝና “ውይ! መምህር፣ ምነው? ሆድህን ነው?” ብለው ጤና አዳም አፍልተው በግድ አጠጡኝ። በማኅበሩ ውስጥ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ወደ ወረዳው የሚላከውን ሁሉ እኔ እጽፋለሁ፤ አያ አለባቸው ማኅተሙን እፍ ብለው ይመታሉ።

ነሐሴ ሲገባ ግን ቤቱ ጨለመ። የጎረቤት ማኅበር ሊቀ መንበር “በክልልህ የገባውን ፀረ-አብዮት አልጠቆምክም” ተብለው ወደ ዳባት ተወሰዱ። በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አያ አለባቸው እህል አልወርድ አላቸው። ከውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ንግግራቸውን ያቋርጡ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስተምሬ ስመለስ አያ አለባቸው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ደብተሬ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። በሩ አጠገብ ጎሹ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል። ጎሹ የማኅበሩ ሚሊሺያ ነው፤ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ደረቱ እንደ በር ነው። በወገራ በትግል የጣለው እንዳልተወለደ ይወራ ነበር።

ታምኑኛላችሁ? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ተማሪዬ ያለ እኔ እያነበበ ነዋ!

አያ አለባቸው ቀና ሳይሉ ጣታቸውን በፊደሎቹ ሥር አስኬዱ። “የ... ግ... ል... በ... ጣ...” አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። “ት... ም... ህ... ር... ት። መምህር፣ በደንብ አነበብኩ?”

“በደንብ አነበቡ፣ አያ!” አልኩ። ያልኩት ነገር የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

“ክፍል አንድ ይላል። ክፍል ሁለቱ የታል?”

“ገና አልጻፍኩትም” አልኩ። ከዚህ የባሰ መልስ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።

ጎሹ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። አያ አለባቸው ገጽ ገለጡና ሥዕሎቹን አሳዩኝ። “እነኝህ ተዘቅዝቀው የተጣሉት ሬሳዎች ናቸው። ቁጥር ሰጥተሃቸዋል። ቀስቱ ከየት እንደምትመጡ ነው። እንግዲህ ንገረኝ፤ እኔ ከእነኝህ ስንተኛው ነኝ?”

“አያ፣ በማርያም! ትግል ነው! ጁዶ የሚባል የትግል ዓይነት ነው!”

“ማነው ያስተማረህ?”

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት አለብኝ። በጥፊ አልመቱኝም። አልጮሁብኝም። እንዲያውም ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ግን ሃምሳ አለቃ ብርሃኔ የሚለውን ስም ሙሉ በሙሉ፣ ከነአባታቸው፣ ተናገርኩ። አራዳ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት እንደሆነም ጨመርኩ። ቤታቸውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

“ወረቀት አምጣና ጻፍ” አሉ አያ አለባቸው።

“ምን ልጻፍ?”

“የተገኘውን ነዋ። ለወረዳው ጻፍ። ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ ብለህ ከቀለድክ ዋ!”

አልቀለድኩም። ራሴን የሚያስገድል ደብዳቤ ራሴ ልጽፍ ተንበረከክሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት አበላሸሁት። በሁለተኛው ላይ “በማኅበራችን ተመድቦ የሚያስተምረው ዘማች የግልበጣ ትምህርት የተጻፈበት ደብተር ስለተገኘበት...” ብዬ ቀጠልኩ። የእኔን ስም ጻፍኩ። የሃምሳ አለቃ ጋ ስደርስ አንድ ነገር ሞከርኩ፤ “ብርሃኔ” በማለት ፈንታ “ብርሃኑ” ብዬ አለፍኩ። ጎንደር ውስጥ ስንት ብርሃኑ አለ! ፈልገው ፈልገው ይተዉታል አልኩ።

አያ አለባቸው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ማንበብ ጀመሩ። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። ከመሃል ላይ ጣታቸው ቆመ።

“ኔ ነው ያልከኝ። ይቺ ኑ አይዶለችም? እግሯ ጎኗ ላይ ነው እኮ ያለው።”

በደንብ ነበር ያስተማርኳቸው። አስተካከልኩት።

ማኅተሙን ሲመቱ እትዬ ጥሩ ከጓዳ ብቅ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አያ አለባቸውም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። “ሰው ማስገደል ሥራዬ አይዶለም፣ ልጄ። ጨውና እንጀራ አብረን በልተናል። ዝም ብልህ ግን እኔን ይወስዱኛል። እኔስ አርጅቻለሁ ልበል፤ አምስት ልጅ የት ልበትን?” አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ነው ጎሹ የተናገረው። “አያ፣ ይህ ልጅ ትግል ነው እያለ ነው እኮ። ትግል ከሆነ ለምን ከኔ ጋር አይታገልም? አይተን እንወቀዋ!”

“ትግል እኛን ይጠፋናል? የወደቀ ሰው እኮ ነው የሣለው!”

“ወድቆ የሚያደርገውን ያሳየና!”

አያ አለባቸው ጢማቸውን ነጩ። በመጨረሻ ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እንዲህ አሉ፦ “ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ደብተሩ ውስጥ ያለውን በሰውነትህ ካሳየኸኝ ትግል ነው። ካላሳየኸኝ ጎሹ ከዚያው አስሮ ዳባት ያደርስሃል።”

ያደርኩት የእህል መጋዘኑ ውስጥ ተቆልፎብኝ ነው። ስለዚያ ሌሊት የምለው ብዙ የለኝም፤ አልተኛሁም። አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። ከተሸነፍኩ ዋሽቷል ተብዬ እሄዳለሁ። ጎሹን ካሸነፍኩት ደግሞ ይህ ልጅ የሰለጠነ ነው፣ ያሠለጠነው አለ ይባላል። ያም ዳባት ነው።

ሲነጋ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በሜዳው ዙሪያ ቆመ። ሣሩ በዝናብ ረስርሷል። አያ አለባቸው ደብተሬን በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ የጎሹ ጠመንጃ በትከሻቸው አለ። ጎሹ ሸሚዙን አውልቆ ሲመጣ ተማሪዎቼ የነበሩት ሽማግሎች እንኳ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ።

በዚያ አገር ትግል ሕግ አለው። ጀርባህ መሬት ከነካ አለቀ። አሸናፊው እጁን ይሰጥሃል፣ ያነሳሃል፣ ትከሻህን ያራግፍልሃል። ከዚያ ወዲያ የሚነካህ የለም፤ መንካትም ነውር ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ሃምሳ አለቃም አልነገሩኝም።

ጎሹ ወገቤን ያዘ። እግሬ መሬት ሲለቅ ተሰማኝ፣ ከዚያ ሰማዩን አየሁ፣ ከዚያ ትንፋሼ ተቆረጠ። ከመጀመሩ ማለቁ! እልልታ ቀለጠ። ጎሹ በላዬ ቆሞ በትሕትና እጁን ዘረጋልኝ።

“ተነስ፣ መምህር። ይበቃል።”

“ገመዱን አምጡ” አሉ አያ አለባቸው። ድምፃቸው ደስታ አልነበረበትም።

እጁን ብይዝ መሞቴ ነው። “አላለቀም!” ብዬ ጮህኩ። “አልነሳም! ገና አሁን ነው የሚጀመረው!”

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት “ወይኔ ልጄን፣ አናቱ ተመታ መሰለኝ” ስትል ሰማሁ። ጎሹ ግራ ተጋብቶ ወደ አያ አለባቸው ዞረ። “ወድቋል እኮ፣ አያ። የወደቀ ሰው እንዴት እነካለሁ? ነውር ነው።”

“በእመቤቴ ይሁንብህ፣ ጎሹ ና!” አልኩ። በጀርባዬ ጭቃ ላይ ተኝቼ፣ እግሬን ወደ ላይ አቁሜ፣ አንድ ሰው መጥቶ እንዲገጥመኝ እለምናለሁ። የእኔን ያህል የተዋረደ ሰው ያ ሜዳ አይቶ አያውቅም።

አያ አለባቸው ደብተሩን ገለጡ። ሥዕሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ደብተሩን አዘቅዝቀው እንደገና አዩት። “ቆይ ጎሹ” አሉ። “ሥዕሉም ወድቆ ነው ያለው። ግባበት።”

ጎሹ እያፈረ መጣ። እግሬን በእጁ ገፋና በግራ በኩል ዞረ። አያ አለባቸው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

“በ... ጎ... ን... ሲ... መ... ጣ... ተ... ገ... ል... በ... ጥ።”

ተገለበጥኩ። ትከሻዬ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ ዓለም ተዘቀዘቀ። ጎሹን በጉልበቶቼ መሃል አየሁት፤ አፉ ተከፍቷል። ሳቁ ከሜዳው ላይ ጠፋ።

“እ... ግ... ር... ቆ... ል... ፍ።”

ክንዱንና አንገቱን አገኘሁ። ቆለፍኩ። ጎሹ ጮኸና ብድግ አለ፤ እኔን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብድግ አለ! ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ሣሩ አንሸራቶት በጉልበቱ ወረደ። ጀርባዬ ሲላተም ዓይኔ ብልጭ አለ፤ እግሬን ግን አልፈታሁም። ፍርሃቴ ነው አልፈታም ያለው።

“አ... ን... ገ... ት... ዝ... ጋ።”

ዘጋሁ። አሁን የቀረው መታ መታ ማድረጉ ነው። ጠበቅሁ። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። “ጎሹ፣ ምታኝ! እግሬን ምታኝ!” አልኩት። አልገባውም። ማን ነግሮት ይገባዋል? በእርሱ አገር ትግል እጅ መስጠት የሚባል የለም፤ ወይ ትጥላለህ ወይ ትወድቃለህ።

“ጨ... ር... ስ” ብለው አነበቡ አያ አለባቸው። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።

የጎሹ ክብደት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። እንደ እርጥብ ጆንያ ላዬ ላይ ፈሰሰ። ፈታሁት። ፊቱን በሣሩ ላይ ደፍቶ ቀረ።

ከዚያ አንዲት ሴት “ገደለው!” ብላ ጮኸች። ቀና ስል አያ አለባቸው ጠመንጃውን ከትከሻቸው አውርደው ደቅነውብኛል። ደብተሩ በብብታቸው ተጣብቋል። የአፈሙዙ ቀዳዳ ትዝ ይለኛል፤ ትንሽ ነበር። ሱሪዬ ረጠበ። የዝናቡ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አይደለም።

ሃምሳ አለቃ እንዲህ ሲሆን የሚደረገውን አስተምረውኝ ነበር። በእንብርክኬ ሄጄ ጎሹን በጀርባው ገለበጥኩና ሁለት እግሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። “አልሞተም! ደም ወደ ራሱ ይመለሳል! አያ፣ ቀጣዩን ገጽ ይግለጡት! በማርያም ይግለጡት!” እያልኩ አለቅሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለፈው ጊዜ ምናልባት ዐሥር ቁጥር ቢያስቆጥር ነው። እኔ ግን ግማሹን ዕድሜዬን እዚያ የጨረስኩ ይመስለኛል።

ጎሹ አንኮራፋ። ሳለ። ዓይኑን ከፈተና ተቀመጠ። የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየ። “ምነው? ምን ሆናችሁ? ጥዬው የለም እንዴ?” አለ።

ትዝ የሚለው የመጀመሪያው መውደቄ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ከአእምሮው ተጠርጓል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ አለባቸውም ከጠመንጃው ኋላ ሆነው አዩኝ። ያኔ የመጣልኝ መልስ የብልህ ሰው መልስ ነበር ብዬ ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን ከፍርሃት ሌላ ምንም አልነበረም።

“ጥሎኛል” አልኩ። “ጀርባዬ መሬት ነክቷል። ሁላችሁም አይታችኋል።”

ጎሹ እንደ ሕጉ ተነስቶ እጁን ሰጠኝ፤ ጭቃውን ከትከሻዬ አራገፈልኝ። የራሱ እግር ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ “ሸጋ ነው፤ ሁለታችሁም ሸጋ ናችሁ” አሉ። አያ አለባቸው ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ። ደብተሩን ከብብታቸው አውጥተው ገጹን ገለጡ።

“መ... ታ... ሲ... ያ... ደ... ር... ግ... ል... ቀ... ቅ።” ደግመው አነበቡት። “ልቀቅ ይላል?”

“ይላል፣ አያ። ወዲያው ልቀቅ ነው የሚለው።”

ጢማቸውን ነጩ። “የጠላት መጽሐፍ ልቀቅ አይልም” አሉና ደብተሩን ዘጉት።

ቤት ስንገባ ደብዳቤውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። “አንተው ጽፈኸዋል፤ አንተው አቃጥለው።” ምድጃው ላይ ጣልኩት። ወረቀቱ ሲጠቀለል መጨረሻ የጠፋው ያስተካከልኳት “ኔ” የምትለው ፊደል ያለችበት መስመር ነው። እትዬ ጥሩ ውኃ አሙቀው ሱሪዬን አጠቡልኝ፤ ስለ ሱሪው አንድም ቃል አልተናገሩም። ደብተሩንም ልጥለው ስል አያ አለባቸው ከለከሉኝ። ለማንበብ ፈልገውት ነበር። ዘመቻው እስኪያልቅ ማታ ማታ ሲያነቡት፣ በነጋታው ለጎሹ ሲያብራሩለት ከረሙ።

እነሆ አሁን አርጅቻለሁ። ይህን ገጠመኝ ለሰው ሳወራ የሚስቁት ስለ ግልበጣው ነው፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቃል በሰሚው ፍርሃት ልክ እንደሚተረጎም ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አያ አለባቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ማንበብ የጀመሩትም ቢሆን በሚፈሩበት ጊዜ ነው፤ ያነበቡትም የሚፈሩትን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላሳ ዓመት ሳስተምር ለተማሪ ፊደል ከማሳየቴ በፊት ምን እንደሚፈራ ለማወቅ እሞክር ነበር። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም።

የቀረችኝን ልንገራችሁና ላብቃ። መስከረም ላይ ጎንደር ስገባ ወደ ቤታችን ሳልሄድ ቀጥታ ወደ ሰማያዊው በር ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጠገባቸው ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ስሜን ተናገርክ?” አሉ።

“ተናገርኩ።”

“ቤቴንም?”

“ቤትዎንም። በሩ ሰማያዊ መሆኑንም።”

“መቱህ?”

“አልመቱኝም።”

የማይታጠፈውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ጥላው አዞሩት። እርግማን ጠበቅሁ፤ እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን ነው።

“እኔም ብጠየቅ ያንተን እናገር ነበር” አሉ። “የአባትህንም ጭምር።”

ይህን ሲሉ ዓይኔን እያዩ ነበር። አላፈሩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።